ክር፦ በሒሳብ ከሌክቸረርነት እስከ ሙሉ ፕሮፌሰርነት፣ መንገዱ ያዋጣል?

ሊሚት፦

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ማስተርሴን በሒሳብ ጨርሻለሁ። አሁን ሁለት በር ተከፍቶልኛል። አንድ ዩኒቨርሲቲ በሌክቸረርነት ሊቀጥረኝ ነው። አንድ ባንክ ደግሞ ዳታ ክፍሉ ውስጥ ቦታ ሰጥቶኛል። ደሞዙን አላወዳድርላችሁም፣ ታውቁታላችሁ። እናቴ «ባንክ» ብላ ጨርሳለች። አባቴ ዝም ብሏል። የአባቴ ዝምታ ደግሞ ከእናቴ ድምፅ ጋር ነው የሚቆጠረው።

እኔ ግን አልጀብራ ይዞኛል። ችግሩ ወደፊት የምሆነውን ነገር በቅጡ አላውቀውም። አራት ኪሎ ስማር ፕሮፌሰሮቹን የማውቃቸው በሰሌዳ በኩል ነው። ይገባሉ፣ ይጽፋሉ፣ ያጠፋሉ፣ ይወጣሉ። ከዚያ ውጪ ምን ሲሠሩ እንደሚውሉ፣ እዚያ ማዕረግ ላይ በምን እንደወጡ የነገረኝ የለም። የምታውቁ ንገሩኝ። ማጽናኛው ይቅርብኝ።

ባንክ_ቤት፦

ባንክ ግቢ። ክሩ ይዘጋ።

ቀልዴን ነው። ማለቴ፣ ግማሹን። እኔም የሒሳብ ልጅ ነበርኩ። ማስተርሴ ጋሎዋ ቲዎሪ በሚባለው የአልጀብራ ክፍል ላይ ነው። አሁን ብድር የወሰደ ሰው ይመልሳል አይመልስም የሚለውን በሎጂስቲክ ሪግሬሽን እገምታለሁ። ጋሎዋ እስካሁን ለማንም ብድር አላጸደቀም። ግን የቤት ኪራይ ሲደርስ አልደነግጥም። መምህር ጓደኞቼ ቀን ግቢ፣ ማታ ኤክስቴንሽን፣ ቅዳሜ የግል ኮሌጅ፣ እሁድ ሰው ቤት እየሄዱ ቱቶር ናቸው። ታዲያ ጥናቱን የሚሠሩት መቼ ነው? እሱን ጠይቂ።

አራት_ኪሎ_ላውንጅ፦

እኔ ረዳት ፕሮፌሰር ነኝ። ለተባባሪነት ፋይል አስገብቼ እየጠበቅኩ ነው። የየት እንደሆንኩ አትጠይቁኝ።

መሰላሉ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ የተቀጠረ ግራጁዌት አሲስታንት ይባላል። ቀጥሎ ረዳት ሌክቸረር፣ በማስተርስ ሌክቸረር፣ በፒኤችዲ ረዳት ፕሮፌሰር። እስከዚህ የሚያወጣሽ ዲግሪው ነው። ወረቀቱን ስታመጪ ማዕረጉ ይከተላል። ከዚያ በላይ ያሉት ሁለቱ፣ ተባባሪና ሙሉ ፕሮፌሰር፣ ሌላ ጨዋታ ናቸው። የአገልግሎት ዘመን ይቆጠራል። ተማሪው፣ ባልደረባሽና ኃላፊሽ የሚሞሉት የማስተማር ግምገማ አለ። የማህበረሰብ አገልግሎት አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የታተመ ጥናት አለ። ሥራዎችሽ ለውጭ ገምጋሚዎች ይላካሉ። ፋይሉ ከዲፓርትመንት ወደ ኮሌጅ፣ ከኮሌጅ ወደ ላይ ይወጣል። ሙሉ ፕሮፌሰርነት በዩኒቨርሲቲው ቦርድ ነው የሚጸድቀው። ዜና ላይ «ቦርዱ ለእነ እገሌ የሙሉ ፕሮፌሰርነት ማዕረግ ሰጠ» ሲባል የምትሰሚው እሱ ነው። ዝርዝሩ የሴኔት መተዳደሪያው ላይ አለ። የድሮ ሰው የነገረሽን ይዘሽ አትሂጂ። የዘንድሮውን ሰነድ አንብቢ።

ቀኑን ምን እንደሚሠሩ ላልሽው፣ ያስተምራሉ። የሒሳብ ዲፓርትመንት የራሱ ተማሪ ጥቂት ነው፣ የሰው ተማሪ ግን የትየለሌ ነው። ፍሬሽ ማን አለ? ሒሳብ ይወስዳል። ኢንጂነር? አፕላይድ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ኢኮኖሚክስ? ካልኩለስ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ቤትሽ ሶፋው ላይ ያለው የፈተና ወረቀት ክምር ብቻ ነው። ከክምሩ ግማሹ ደግሞ አንድ በኤን የሚለው ሲሪስ «ይኮንቨርጃል፣ ምክንያቱም ወደ ዜሮ ይሄዳል» ይላል። አይኮንቨርጅም እኮ። በየዓመቱ። ሰሌዳ ላይ በትልቁ ጽፈሽ፣ ከሥሩ አስምረሽበት፣ ለፈተና ይመጣል ብለሽ ነግረሽ ጭምር።

ሁለተኛ_ዓመት፦

ፕሮፍ እኔ ሒሳብ ዲፓርትመንት ነኝ፣ ያንን ጽፌያለሁ 😂

ግን እውነት ለመናገር፣ ሒሳብ የደረሰኝ ነው። አልመረጥኩትም። ሶፍትዌር ነበር የሞላሁት። ክፍላችን ውስጥ መርጦ የገባ በጣት ይቆጠራል።

አራት_ኪሎ_ላውንጅ፦

ገና ፕሮፍ አልሆንኩም፣ ቦርዱ እንዳይሰማሽ።

የደረሰኝ ማለትሽ አዲስ አይደለም። አሁን ግን የሚደርሰውም ሰው ጠፋ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ሌላው በሪሜዲያል ነው የመጣው። ያችን ጥቂት ተማሪ ሜዲስንና ሶፍትዌር ይወስዷታል። ስለዚህ ሊሚት፣ ይሄንንም አስቢ። የንጹህ ሒሳብ ኮርስሽን የምታስተምሪው ለትንሽ ክፍል ነው። አንዳንዱ ሰው ይሄን ይወደዋል። እኔ እወደዋለሁ።

ጠመኔ፦

ልጄ ሊሚት፣ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ኢንተርኔት ላይ ብዙ አልጽፍም። ልጄ ናት ይሄን የከፈተችልኝ። ትንሽ ላውራ።

እኔ ስገባ ዩኒቨርሲቲው ገና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል ነበር። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ሲከፈት መቀመጫው አራት ኪሎ ነበር። የስድስት ኪሎው ቤተ መንግሥት ኋላ ነው የተሰጠው። ሳይንስ ግን አራት ኪሎ ቀረ። እኛም አራት ኪሎ ቀረን። በ1967 ዘመቻው መጣ፣ ትምህርቱ ቆመ፣ ገጠር ወርደን ፊደል አስቆጠርን። ስንመለስ ዩኒቨርሲቲው ስሙን ቀይሮ ጠበቀን።

በዚያን ጊዜ እዚህ አገር ውስጥ ሦስተኛ ዲግሪ የሚባል የለም። ድህረ ምረቃ ራሱ የተጀመረው በፈረንጅ በ1978 ነው። ፒኤችዲ የፈለገ አንዱ ሶቪየት፣ አንዱ ምሥራቅ ጀርመን፣ አንዱ አሜሪካ ሄደ። አንዳንዱ ሄዶ ቀረ። የተመለሰው የቀረውንም ኮርስ ጨምሮ አስተማረ። እኔን የምታዩኝ ካስተማርኩት የበለጠ ያተምኩ አድርጋችሁ እንዳይሆን። የእኛ ዘመን ሰው በጥናት ቁጥር ቢለካ ባዶውን ይቀራል። ግን ዛሬ ፒኤችዲ የሚያማክሩትን ልጆች ያስተማረ እሱ ነው።

አሁን ባትጠይቂኝም ስለ ጥናቱ ልንገርሽ። የሒሳብ ሥራ ከውጭ ሲያዩት አይታይም። አንድ ወረቀት ልኬ ነበር፣ ስለ ቀለበቶች፣ በአልጀብራ ሪንግ ስለሚባሉት። ቀለበቱ ኖዘሪያን ነው፣ ማለትም አንድ ሥራ የሚያቀል ሁኔታ ያሟላል ብዬ ነው የጀመርኩት፣ ማረጋገጫውም ልክ ነበር። ገምጋሚው ሁሉን አልፎ በመጨረሻ አንድ መስመር ጻፈ፦ «ኖዘሪያን ባይሆንስ?» አለ። ሌላ ምንም የለም። ያቺን መስመር ክረምት ከበጋ ይዣት ዞርኩ። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሬ ስወርድ፣ ቅድስት ሥላሴ ስሳለም፣ ቤት እንግዳ እያለ። ባለቤቴ «ዛሬም ኖዘሪያን ነህ?» ትለኝ ነበር። በመጨረሻ አንድ ደካማ ሁኔታ ብቻ እንደሚበቃ አገኘሁ። ከመጀመሪያው ወረቀት የተሻለ ሁለተኛ ወረቀት ወጣ። ያን ጊዜ ሁሉ የሥራ አፈጻጸም ቅጹ ላይ «የታተመ ጥናት» የሚለው ቦታ ባዶ ነበር። ሰነፍ ነው የሚሉኝም ነበሩ።

ባንክ_ቤት፦

«ዛሬም ኖዘሪያን ነህ?» 😂😂 ጋሼ ይህቺን ለባለቤቴ አስተምራታለሁ።

ወይዘሮ_ዴልታ፦

ጋሼ ጠመኔ ዋናውን ነገር ነካኩት። እኔ በደንብ ልንካው፣ ምክንያቱም አቃጥሎኛል።

አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ስሙ ይቅር፣ ለእድገት ፋይል አስገባሁ። ሦስት ሆነን የጻፍነው ወረቀት አለኝ። ጥሩ ጆርናል ነው። ኮሚቴው ውስጥ ከሒሳብ ማንም አልነበረም። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ አግሪካልቸር። ወረቀቴን አይተው «ሦስተኛ ደራሲ ናት» አሉና የሦስተኛ ነጥብ ሰጡኝ። በሒሳብ እኮ የደራሲ ስም በፊደል ተራ ነው የሚሰለፈው! ማን ምን ያህል ሠራ የሚለውን አያሳይም። የአባቴ ስም ደግሞ በላቲን ሲጻፍ በደብልዩ ይጀምራል። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ መጨረሻ ነኝ። የውጭ ጆርናል የአባትሽን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ነው የሚይዘው። በራሴ ስም ቢሰለፍ አንደኛ ነበርኩ።

የአሜሪካ የሒሳብ ማህበር በ2004 በፈረንጆች ስለዚሁ ጉዳይ መግለጫ አውጥቷል። በሒሳብ የጋራ ሥራ ደራሲዎች በፊደል ተራ እንደሚጻፉ፣ የመጀመሪያ ደራሲ የሚባል ነገር እንደሌለ በግልጽ ይላል። አትሜ፣ አስምሬበት፣ ከይግባኝ ደብዳቤ ጋር አስገባሁት። ከብዙ ምልልስ በኋላ ተስተካከለ። ሊሚት፣ ያንን መግለጫ አሁኑኑ አውርደሽ አስቀምጪው። ፒኤችዲ ሳትጀምሪ።

ላብራቶሪ_ቁጥር_3፦

የኬሚስትሪ ሰው ነኝ፣ ኮሚቴውን ልከላከል።

አንደኛ፣ በኛ ቤት መጨረሻ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የላብራቶሪው አለቃ ነው። ስለዚህ ዶክተር ዴልታ፣ ለኮሚቴው ገብቷቸው ቢሆን አለቃ ያደርጉሽ ነበር 😄

ሁለተኛ፣ እናንተ የሒሳብ ሰዎች ስታማርሩ ትንሽ እኛንም አስቡን። እኔ አንድ ማሽን ተበላሽቶብኝ መለዋወጫ ስጠብቅ ተማሪዬ ተመርቆ ሄዷል። ኬሚካል በዶላር ነው። ዶላሩ ደግሞ የለም። እናንተ ወረቀትና እስክርቢቶ ይበቃችኋል። መብራት ቢጠፋም ትሠራላችሁ። በዓመት ለምን ብዙ አታትሙም ብሎ ኮሚቴው ቢጠይቅ ምን ይገርማል?

ወይዘሮ_ዴልታ፦

ይገርማል እንጂ። ወረቀትና እስክርቢቶ ሙከራ አይሠሩልሽም። አንቺ ማሽኑ ሲሠራ ውጤት ታገኛለሽ፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ ይጻፋል። እኔ ማረጋገጫው ካልመጣ የምጽፈው የለኝም። «ሞክሬ አልሆነም» የሚል ወረቀት ማን ያትማል? ከዚያ ደግሞ ልከሽ ገምጋሚው እያንዳንዱን መስመር ማረጋገጥ አለበት። ዓመት መጠበቅ በኛ ቤት የተለመደ ነው። ጤፍና ወርቅ በአንድ ሚዛን አይመዘንም።

ላብራቶሪ_ቁጥር_3፦

ወርቁ እናንተ ናችሁ ማለት ነው? እሺ 😂

ግን አንድ ጥያቄ። በፊደል ተራ ከሆነ ምንም ያልሠራ ጓደኛ ስሙን ቢያስገባ እንዴት ይታወቃል? በኛ ተራው ራሱ ይናገራል።

ኮምፒለር፦

ሁልጊዜም በፊደል ተራ አይደለም እኮ። ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። በኮምቢናቶሪክስ፣ በመቁጠር ሒሳብ ማለት ነው፣ የሪዮርዳን ግሩፕ የሚባል አለ። ያስተዋወቀው በፈረንጅ የ1991 ወረቀት አራት ደራሲ አለው፣ ሻፒሮ፣ ጌቱ፣ ዎአን፣ ዉድሰን። በፊደል ቢሆን ጌቱ ይቀድም ነበር። ሁለተኛው ደራሲ ሥዩም ጌቱ ናቸው፣ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲው። እዚህ አራት ኪሎ ሒሳብ ከሚማሩት ውስጥ ስንቱ ያውቃቸዋል? እኔ ያገኘኋቸው ኮድ ስጽፍ በአጋጣሚ ነው።

ሁለተኛ_ዓመት፦

አላውቃቸውም ነበር። አሁን ፈልጌ እያነበብኩ ነው። የካታላን ቁጥሮች ያሉበት ነገር ነው አይደል? ደስ ይላል በእናቴ።

ከባህር_ማዶ፦

ለላብራቶሪ ጥያቄ፦ በሒሳብ ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይ ሦስት ሰው ነው ያለው። ማን ምን እንደሠራ የዘርፉ ሰው ያውቃል። ለዚህ ነው የውጭ ገምጋሚ ደብዳቤ ከነጥብ ሰንጠረዥ የሚበልጠው። እኔ ያለሁበት አገር ነጥብ የሚባል የለም። ደብዳቤ ነው። እሱም የራሱ አድልዎ አለው፣ የምታውቂው ሰው ይበዛና ይሻላል።

ስለ ፍጥነት ደግሞ ይታንግ ዣንግ የሚባለውን የሒሳብ ሰው ላንሳ፣ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ፒኤችዲውን ከፐርዱ በ1991 ያዘ። ሥራ አጥቶ ሳንድዊች ቤት ሁሉ ሠርቷል። ከ1999 ጀምሮ ኒው ሃምፕሸር ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ኖረ፣ ፕሮፌሰር ሳይሆን በሌክቸረርነት። በ2013 አንድ ወረቀት ላከ። ልዩነታቸው ከ70 ሚሊዮን የማይበልጥ የፕራይም ቁጥር ጥንዶች ማለቂያ እንደሌላቸው አረጋገጠ። አናልስ የሚባለው ትልቁ ጆርናል በወር ገደማ ውስጥ ተቀበለው። ዕድሜው ከሃምሳ አምስት አልፎ ነበር። በዓመቱ ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነ።

አራት_ኪሎ_ላውንጅ፦

ዣንግን እወደዋለሁ፣ ግን ለሊሚት ምሳሌ አይሆንም። አንድ ዣንግ ሲወጣ መንገድ ላይ ስለቀሩት ማንም አይጽፍላቸውም። ሴትየዋ ኪራይ አለባት።

ኮምፒለር፦

ፔሬልማንስ? የፖይንካሬን ጉዳይ፣ ያንን ታዋቂ የሒሳብ ጥያቄ የፈታባቸውን ወረቀቶች በፈረንጅ በ2002 እና በ2003 አርካይቭ ላይ ብቻ፣ ያልታተመ ጥናት በሚለጠፍበት ድረ ገጽ ላይ ለጠፋቸው። ጆርናል ላይ አላወጣም። በኛ ኮሚቴ ስንት ነጥብ ያገኛል?

ባንክ_ቤት፦

ዜሮ። «እውቅና ባለው ጆርናል ያልታተመ» ይባላል። የማህበረሰብ አገልግሎቱም ባዶ ነው። ሰውዬው ቤቱን ዘግቶ ነው የሚኖረው።

ሊሚት፦

ሳቄን አልቻልኩም። ግን ጠቃሚ ነገር እየወጣ ነው። ስለ ጆርናል ንገሩኝ እስቲ። ተማሪ እያለሁ እንኳ ኢሜይል ይመጣልኝ ነበር፣ «ጥናትዎን በአንድ ሳምንት እናትማለን» የሚል።

ወይዘሮ_ዴልታ፦

«ውድ ፕሮፌሰር» ብለው ነው የሚጀምሩት አይደል? ማዕረጉን ከቦርዱ ቀድመው ይሰጡሻል።

አትንኪያቸው። ከፍለሽ ታሳትሚያለሽ፣ ኋላ ፋይልሽ ሲመረመር እዳ ይሆንብሻል። አንድ ነገር ልብ በይ። በሒሳብ አብዛኛው ጥሩ ጆርናል ከደራሲ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀውም፣ ክፍት ጆርናል ከሆነ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ደራሲ ብዙዎቹ አሳታሚዎች ይተዉለታል። ግን ስትልኪው መጠየቅ አለብሽ። ወረቀቱ ካለፈ በኋላ ብትጠይቂ አይሰሙሽም።

ጆርናሉ የዘርፉ መሆኑን ለማየት ዜድቢማት ላይ፣ የሒሳብ ጥናቶች መዝገብ ላይ ማለት ነው፣ ፈልጊው። በፈረንጅ ከ2021 ጀምሮ ለሁሉም በነጻ ክፍት ነው። እዚያ ከሌለ እኔ አልልክም። ከሀገር ውስጥ ደግሞ ሲኔት የሚባል ጆርናል አለ፣ ከአራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ በ1978 በፈረንጅ የጀመረ። ትምህርት ሚኒስቴር እውቅና የሰጣቸው የሀገር ውስጥ ጆርናሎች ዝርዝርም አለ፣ እሱን ተመልከቺ።

ጠመኔ፦

ዶክተር ዴልታ ልክ ነሽ። እኔ አንድ ልጨምር። የምትልኪበትን ጆርናል ከመምረጥሽ በፊት የምታነቢበትን ምረጪ። እኛ ጆርናል በመርከብ እየመጣ ነበር የምናነበው፣ የመጣው ሲደርስ ጥያቄው ተመልሶ ይቆይ ነበር። እናንተ ዛሬ ማታ የተለጠፈውን ዛሬ ማታ ታነባላችሁ። ይሄ ነው የሚያስቀናኝ፣ ሌላው አያስቀናኝም።

ሊሚት፦

ፒኤችዲውስ? እዚህ ልሥራ ወይስ ውጭ? እናቴ «ውጭ ከሆነ እሺ» እያለች ነው 😄

ከባህር_ማዶ፦

እናትሽ ብልህ ናቸው።

ውጭ ብትሄጂ ሴሚናር አለ፣ ኮሪደር ላይ የምትጠይቂው ሰው አለ። ሒሳብ ለብቻ የሚሠራ ይመስላል እንጂ ሰው ይፈልጋል። እኔ ከመጣሁ ወዲህ የተማርኩት ከክፍል ይልቅ ሻይ ሰዓት ላይ ነው። ግን ብቸኝነቱ አለ፣ ቪዛው አለ፣ ከዚያ «ልመለስ ወይስ ልቅር» የሚለው አለ። የመጨረሻው ቀላል ጥያቄ አይደለም፣ እዚህ አንጀምረው።

አራት_ኪሎ_ላውንጅ፦

መሀል መንገድም አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድን ጋር ረጅም የምርምር ትብብር ነበረው። እዚህ ተመዝግበሽ የተወሰነ ጊዜ እዚያ እየሄድሽ የምትሠሪበት፣ ሳንድዊች የሚሉት ዓይነት። አሁን ምን እንዳለ ዲፓርትመንቱን ጠይቂ። ጣሊያን ትሪየስት ያለው ዓለም አቀፍ የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል ደግሞ ሒሳብም ይሠራል። በፈረንጅ በ1964 ያቋቋመው አብዱስ ሳላም ነው፣ ፓኪስታናዊው የኖቤል ተሸላሚ። ዓላማው ራሱ ይሄ ነው፣ እንደኛ አገር ያለ ሰው አገሩን ሳይለቅ ከዓለም እንዳይቆረጥ። የዲፕሎማ ፕሮግራም አላቸው፣ መምህር ከሆንሽ በኋላም አሶሼት ሆነሽ ለዓመታት የምትመላለሽበት መንገድ አለ። ኤይምስም አለ፣ የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም፣ ኬፕታውን በፈረንጅ በ2003 የጀመረው፣ አሁን ሩዋንዳም ጋናም አለ። እሱ ማስተርስ ነው፣ ግን ሰው ታውቂበታለሽ።

እዚህ ከሠራሽ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው የምልሽ፣ አማካሪሽን ምረጪ። ርዕስ ሳይሆን ሰው። በወር አንዴ የሚያገኝሽን ሳይሆን ሰሌዳ ላይ አብሮሽ የሚቆመውን።

ወይዘሮ_ዴልታ፦

ሴት ስለሆንሽ ሌላም ልበልሽ፣ ማንም ስላልነካው። ሒሳብ ዲፓርትመንት ስትገቢ ሴት መምህር ጥቂት ናት። ስለዚህ ሴት የሚያስፈልገው ኮሚቴ ሁሉ ላይ ያስገቡሻል። የሥርዓተ ፆታ ኮሚቴ፣ የአቀባበል ኮሚቴ፣ የምረቃ ኮሚቴ። ክብር ይመስላል። ሰዓትሽ ግን ያልቃል። ከወንዱ ባልደረባሽ ጋር አንድ ቀን ተቀጥራችሁ፣ ለእድገት ስትቀርቡ እሱ ወረቀት ይዞ አንቺ ቃለ ጉባኤ ይዘሽ ትገናኛላችሁ። «አይሆንም» ማለትን ቶሎ ልመጂ። ያለምክንያትም ቢሆን።

ላብራቶሪ_ቁጥር_3፦

ይሄኛው ኬሚስትሪም ውስጥ አለ። በዚህ ተስማምተናል።

ኮምፒለር፦

የደሞዝ ጉዳይ ተነስቶ ማንም አልመለሰም። ባንክ_ቤት ያለውን ማን ያስተባብላል?

አራት_ኪሎ_ላውንጅ፦

ማንም አያስተባብልም። እውነት ነው። መኖሪያ ቤት፣ ትራንስፖርት፣ ልጅ ማስተማር፣ በመምህር ደሞዝ አዲስ አበባ ላይ ከባድ ነው። የግል ኮሌጅ ያስተምራል ያልከው እኔም ነኝ። ጥናቴን የምሠራው ሴሚስተር እረፍትና ሌሊት ነው። አንዳንድ ሴሚስተር ምንም አልሠራም። ጡረታ ደግሞ በ60 ነው። ከዚያ በኋላ በኮንትራት ማስተማር አለ፣ እሱም በዩኒቨርሲቲው ፍላጎት ነው። ለምን አለህ ካልከኝ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሊሚትን ትርጉም በኤፕሲሎንና ዴልታ ሳስተምር አንድ ልጅ መሀል ክፍል «ቆይ፣ ቅደም ተከተሉን ብንገለብጠውስ?» ይላል። ያች ጥያቄ ነች ትክክለኛዋ። በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ልጅ ይጠይቃታል። ደሞዝ አይሆንም፣ አውቃለሁ።

አወያይ፦

የደሞዝ ስኬል ክርክሩ ብቻውን ረጅም ሊሆን ስለሚችል ሌላ ክር ተከፍቷል። እዚህ ስለ ሥራው እንቀጥል። ስድብ ያለባቸው ሁለት መልሶች ተነስተዋል።

ሊሚት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ገና አልወሰንኩም፣ ግን ነገ ዲፓርትመንት ኃላፊውን ላናግር ነው። ምን ልጠይቅ?

ወይዘሮ_ዴልታ፦

የመጀመሪያው ሴሚስተር ስንት ክሬዲት እንደሚጭኑብሽ። ፒኤችዲ ፈቃድ ለማግኘት ስንት ዓመት ማገልገል እንዳለብሽ። ትምህርት ላይ ሆነሽ ደሞዝሽ ይቀጥል እንደሆነ። እስከ ስንት ዓመት ተመልሰሽ የማገልገል ግዴታ እንዳለብሽ። መልሱን በቃል ከነገሩሽ «የትኛው አንቀጽ ላይ ነው?» በይ። በትህትና። ካልነገሩሽ ራስሽ ሴኔት መተዳደሪያው ላይ ፈልጊ።

ጠመኔ፦

ዲፓርትመንቱ ሳምንታዊ ሴሚናር እንዳለውም ጠይቂ። ካለ ማን ማን እንደሚመጣ እይ። ከሌለ አንቺ ጀምሪው። ሦስት ሰው ይበቃል።

አራት_ኪሎ_ላውንጅ፦

ውሉ ላይ ዋስ ይጠየቃል፣ በተለይ ለትምህርት ስትሄጂ። ሰው ቀድመሽ አዘጋጂ። ሰዉ ሁሉ እሺ ይልሽና ፊርማው ቀን ስልኩ ይዘጋል።

ሊሚት፦

ዋሱ ምን ዓይነት ሰው ነው የሚሆነው? አባቴ ጡረተኛ ነው።

አራት_ኪሎ_ላውንጅ፦

ብዙ ጊዜ ቋሚ ሥራ ያለው፣ ደሞዙ የሚበቃ ሰው ነው የሚፈልጉት። ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያመጣል። እኛ መምህራን ዋስ ስንሆን ደሞዛችንን አይተው ይስቃሉ።

ባንክ_ቤት፦

ሊሚት፣ ዋስ ካጣሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። የኔ ደሞዝ ይበቃል።